«ጠግቤአለሁ» የምትል ልጅ

በዚያን ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ሁላችንም እኩል ነበርን። እኩልነታችንን የሚያበስረው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከእኔ ጓሮ ባለው ግንድ ላይ ተሰቅሎ ስለነበር፣ እኔ ከሌላው ሰው ትንሽ ቀደም ብዬ እኩል እሆን ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ ገብቼ፣ ዓይኔን ከደን ሳደርግ «ጓዶች!» ይላል። ስኳር መጣ ብዬ ከነነጠላዬ ብድግ እላለሁ። ስኳር አይደለም፤ ውይይት ነው። ውይይት መቼም በራሽን አልነበረም፤ እንደ ልብ ነበር።

ልጅቱ የመጣችብኝ በዚህ መሐል ነው። አባቷ የአጎቴ ልጅ ነበር፤ ከሐይቁ ማዶ ባለች ደብር ቅኔ የሚያስተምር መሪጌታ። እሱንም ሚስቱንም ወባ በአንድ መኸር ወሰዳቸው። ዘመድ ለቅሶ ላይ ብዙ ነው፤ ሠልስት ሲወጣ ግን ሁሉም ከብቱ ትዝ ይለዋል። ልጅቱ መጀመሪያ መራዊ ላለ አጎቷ ተሰጠች። አጎቷ እስከ ዛሬ «እንደ ልጄ ነው የያዝኋት» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የገዛ ልጆቹንም ከዶሮ በፊት እየቀሰቀሰ ውሃ ያስቀዳቸው ከነበረ። ከዚያ ሐሙሲት ሻይ ቤት ለነበራት አክስቷ ተላለፈች። እዚያ ደግሞ ከጎንደር የሚመጣ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ የጠጣበትን ብርጭቆ ስታጥብ ከረመች። እኔ ዘንድ ስትደርስ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አንዲት ፌስታል ይዛ በሬ ላይ ቆመች፤ ግቢ እስክላትም አልገባችም።

ምሳ አቀረብሁላት።

«ጠግቤአለሁ፣ እታለም» አለች።

ከሐሙሲት ድረስ በጭነት መኪና ላይ የመጣች ልጅ በምን እንደጠገበች እግዜር ይወቀው። ምናልባት በአቧራ።

በእኛ አገር እንግዳ መግደርደር አለበት፤ ይህን የማያውቅ ባለጌ ነው። መጀመሪያ ብላ ሲሉት «ጠግቤአለሁ» ይላል። ሲደግሙት «አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» ይላል። ባለቤት በሦስተኛው «በሞቴ!» ሲል፣ እንግዳው እንደ ተገደደ ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይቀመጥና ከባለቤት በላይ ይበላል። ሁሉም ሥርዓቱን ያውቃል፤ ማንም በማንም አይታለልም። ሲግደረደሩ ጦም አደሩ የሚባለው ልኩን ላላወቀ ነው። የእኔዋ ግን እየተግደረደረች አልነበረም። ከልቧ ነበር። በሞቴ ብላት እኔው ሞቼ እቀር ነበር እንጂ እሷ አትጎርስም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ተፋለምን። ከመብላቷ በፊት ሆዷን በውሃ ትሞላለች። እንጀራውን ከደረቁ ጠርዝ ትቆርሳለች፤ ወጡን ታቦት ይመስል ዳር ዳሩን ትዞረዋለች። ዓሣ ስጠብስ ራሱንና ጭራውን ታነሣና «እኔ የምወደው ይህን ነው» ትለኛለች። የዓሣ ጭራ የሚወድ ሰው በጣና ዳር እስካሁን አልተወለደም። ሌላ ቤት ቢሆን «ጨዋ ልጅ» ተብላ ትመሰገን ነበር። እኔ ግን ንዴቴ እስከ አናቴ ይወጣል፤ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ደመወዜ የገዛሁትን ዓሣ የሰረቀች ይመስል እያቀረቀረች ስትበላ ማየት ያቃጥላል።

ትምህርት ላይ ብቻ አትግደረደርም። ያገኘችውን ሁሉ ትውጠዋለች። አንድ ቀን ከፈረቃ ስመለስ ቡታጋዜ ብትንትኑ ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ተሰልፏል። ጮህሁ። እሷ እያንዳንዱን እየጠረገች መልሳ ገጠመችው፤ እኔ ከገዛሁት ጀምሮ እንዲህ ነዶ አያውቅም። ስምንተኛ ክፍልን አንደኛ ሆና ስትጨርስ የሒሳብ አስተማሪዋ ብስክሌቱን እየገፋ ቤቴ ድረስ መጣ። የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ከየቀበሌው አንዲት ሴት ልጅ ሊቀበል ነው አለኝ። አዳሪ ናት፤ አልጋ አላት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ አላት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሞያ። ከእኛ ቀበሌ ከእሷ የሚስተካከል ውጤት ያላት የለችም፤ የቀረው እሑድ ስብሰባ ላይ ቀርባ ቀበሌው እንዲደግፋት ብቻ ነው።

«እሰይ» አልሁ በልቤ፤ «አንድ ጊዜ እንኳ የሚገባው ሰው የሚገባውን ሊያገኝ ነው።» የዋህነት በሽታ ነው፤ በዚያን ሰሞን እኔንም ይዞኝ ነበር።

እሑድ ተረኛ ስለነበርሁ ስብሰባው አመለጠኝ። ከሰዓት በኋላ ስገባ ጎረቤቴ፣ በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ፣ በራፌ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አቀፈችኝ። ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ! አኮራችን ልጅሽ!»

«አገኘች?»

«እምቢ አለች!»

እጄ ላይ የነበረው የምሳ ሳህን ወደቀ። ጎረቤቴ ግን ገና ደስታዋን አልጨረሰችም። ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት «ጓዲት፣ ይህ ዕድል ቢሰጥሽ ትቀበያለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ልጄ ቀና ሳትል «ለእኔ ይቅርብኝ፤ ለሚገባው ይሰጥ» ብላ መለሰች። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሣ። የግል ጥቅምን ወደ ኋላ፣ የሰፊውን ሕዝብ ጥቅም ወደ ፊት ማለት ይህ ነው አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ሳይበርድም ዕድሉ ለሚገባው ተሰጠ፦ ለሊቀመንበሩ ሚስት ታናሽ እህት። እህትዬዋ ያለ ሐሜት የምታውቀው ብረት ቢኖር የፀጉር መተኮሻ ነበር።

እዚህ ላይ ሊቀመንበሩን ልወቅሰው አልችልም፤ በዚያ ፍጥነት ዱብ የሚል ውሳኔ በዚያ ቀበሌ ታይቶ አይታወቅም። የጣራዬን ቆርቆሮ ለመፍቀድ ስንት ክረምት ፈጅቶበታል። ከቆርቆሮው ይልቅ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው አብዮተኛ ከመሆኑ በፊት ጎጃሜ ነው። አንድ ጊዜ «ይቅርብኝ» ማለት እምቢታ እንዳልሆነ እናቱ ያላስተማረችው ይመስል!

ልጅቱን ጓዳ አገኘኋት፤ ምስር ትለቅማለች። ያልኋትን ሁሉ እዚህ ልጽፈው አልችልም። «ይገባሻል!» እያልሁ ጮህሁ። ድስት እየደበደብሁ «ይገባሻል!» አልሁ። ሰው እየተጮኸበት እንደሚገባው ያምናል ብለን የምናስብበት ዘመን ነበር፤ አገር ሙሉ እየተጮኸበት ነበርና እኔ ምን አዲስ ነገር አመጣሁ?

ስጨርስ ሰፌዱን አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሐሙሲት ነገረችኝ።

እዚያ ቤት በነበረች ጊዜ ኩፍኝ ገባ። እሷንና የአክስቷን ልጅ በአንድ ሳምንት ጣላቸው፤ በአንድ አልጋ ነበር የተኙት። እሱ ሞተ፤ እሷ ተነሣች። ለቅሶ ላይ አክስቷ ደረቷን እየደቃች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ባለቤቱ ሄዶ እንግዳ ቀረልኝ!» አለች።

«እውነቷን እኮ ነው፣ እታለም» አለችኝ ልጅቱ። «ከዚያ ወዲያ የምበላው ሁሉ የእሱ ነው የሚመስለኝ። ይህ ትምህርት ቤት ደግሞ… አልጋ ሁሉ አለው። የማን አልጋ ላይ ነው የምተኛው?»

አክስቷን ልረግም ፈለግሁ፤ ግን ሐዘን ያናገራትን እናት ምን ብለው ይረግሟታል? ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ሐይቁ ወጣሁና ደንገሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ከማዶ ይመጣሉ። አንዱ ታንኳ ቀዛፊ «ምን ሆንሽ?» ቢለኝ «ጠግቤ ነው» አልሁት።

በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ውሳኔው ይጸድቅና ስሟ ሳይሆን የሌላዋ ስም ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። ሳምንት ነበረኝ። ሊቀመንበሩ ዘንድ ብሄድ የሚለኝን አውቀዋለሁ፦ «ጓዲት፣ ልጅቱ ራሷ ነች ያለችው።» ልክ ነው። መጀመሪያ ከእምቢታዋ መመለስ ያለባት ልጅቱ ናት። የእኔ ጩኸት ደግሞ ከጓዳ አልፎ የትም አልደረሰም።

ስለዚህ በማግስቱ እጇን ይዤ ወደ የኔታ ወሰድኋት። የኔታ በሐይቁ ዳር ባለችው ደብር ዋርካ ሥር ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የልጅቱን አባት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የማይወዱት ነገር ሲነገር ጆሯቸው አይሰማም፤ የሚወዱት ከሆነ ከሐይቁ ማዶ ይሰማሉ። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ ነገርኋቸው። የሐሙሲቱ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተኙ ብዬ ተናደድሁ።

«አባትሽን ውሻ ነክሶታል፤ ታውቂያለሽ?» አሏት ድንገት።

አላወቀችም።

«ተማሪዬ ሳለ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ሊል ከአንድ ባላገር ደጅ ቆመ። ውሻው ባቱን ገነጠለው። ሳይለምን ተመለሰ። አሠርንለትና ‹ነገ ተኛ› አልሁት። በማግስቱ የለም! ለካስ እዚያው ቤት ሄዷል። የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው እየሣቀ መጥቶ የነገረኝ። አባትሽ ደጁ ላይ እያነከሰ ቆሞ ምን አለው መሰለሽ? ‹ትናንት ውሻችሁ በላኝ፤ ዛሬ ደግሞ እኔ ልብላ እንጂ!›»

ልጅቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሁለት ዓመት አብረን ኖረን ስትሥቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«ተማሪ ማለት እንግዳ ማለት ነው» አሉ የኔታ፤ እሳቸው ግን አልሣቁም። «አባትሽ ከልጅነቱ እስኪሸብት የሰው እንጀራ በልቶ ነው የተማረ። አንድ ቀን አይገባኝም ሲል አልሰማሁትም። እንኳን ሊል፣ ሲያንስበት ይቆጣ ነበር።»

«አባቴ የማንንም ልጅ ድርሻ አልወሰደም፣ የኔታ» አለች።

«አንቺስ የማንን ወሰድሽ? ያ ልጅ የእሱ እንጀራ ከእሱ ጋር ሄዷል። አንቺ ብትጦሚም አይበላውም፤ ብትበይም አይጎድልበትም። የአንቺ እንጀራ ግን እየሻገተ ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ እሱ ነው።»

ከዚያ ተማሪዎቻቸው ዜማ ስላጠፉ እነሱን መገሠጽ ጀመሩ፤ እኛም ጉዳያችን እንዳለቀ ገባን። በመንገድ ላይ ብዙ ከሄድን በኋላ «የትኛውን እግሩን ነበር የነከሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት። እኔም ምላሴን ነክሼ ሳምንቱን ዝም አልሁ። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

እሑድ የኔታ ሰው ሳይጠራቸው በመቋሚያቸው እየተደገፉ ቀበሌው አዳራሽ ገቡ። ሊቀመንበሩ ገና ሲያያቸው ካፖርቱን ቆለፈ። ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ሲል የሚውል ሰው ነው፤ ነገር ግን ፊደል ያስቆጠሩት፣ እዚያው ዋርካ ሥር፣ በአለንጋ፣ የኔታ ናቸው። ሰው የቱንም ያህል ቢነቃ አለንጋውን አይረሳም። አጀንዳው ሲነበብ የኔታ መቋሚያቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ከእናትህ ቤት እንግዳ መጥቶ አንድ ጊዜ ጠግቤአለሁ ቢል፣ እናትህ ሞሰቡን ታነሣ ነበር?»

«የለም፣ የኔታ» አለ ሊቀመንበሩ፤ ሳያስበው ብድግ ብሏል።

«ታዲያ አንተ የመንግሥትን ሞሰብ ምነው አነሣህ? ደግሞ አንሥተህ የት ወሰድኸው? ለሚስትህ እህት አጎረስኸው አሉ።»

አዳራሹ ፈነዳ። ለሣቅ በዚያ ቤት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ማንም አልጠየቀም። ሊቀመንበሩ ፊቱ ቀላ። አድኃሪ ቢሉት ይከራከር ነበር፤ ሆዳም ቢሉትም ይችለው ነበር። ስስታም ተብሎ ግን በጎጃም ውስጥ ማን ይኖራል? ከኋላ አንዲት ሴት «በሞቴ በላት እንጂ!» ብላ ጮኸች። ሌላዋ ተቀበለቻት። የሚስቱ እህት ከሁሉም በላይ ትሥቅ ነበር፤ ለካስ እሷም መዶሻ ጨብጣ መዋልን እንደ ሞት ትፈራው ኖሯል።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። በሞቴ ማለት ፊውዳላዊ ስለሆነ «ቀበሌያችን ጓዲት ዕድሉን እንድትቀበል በድጋሚ ያሳስባል» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ልጄ ዞረ። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ አሁን አንድ ጊዜ እምቢ ትላለች፣ እኛም እንለምናታለን፣ ከዚያ በግድ እሺ ትላለች ብሎ ጉልበቱን አዘጋጅቷል። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የፈራሁት። እኔ እሷን አውቃታለሁ። እምቢ ካለች እምቢ ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ቢሞት አትመለስም። ቢለምኗትና ለእነሱ ብላ እሺ ብትልም አልወድም፤ እዚያ ሄዳም ጭራ ስትለቅም ልትኖር ነው።

ተነሣች።

«እቀበላለሁ» አለች።

አዳራሹ ደነገጠ። አንዱ «ኧረ!» አለ። አሮጊቶቹ ተያዩ፤ ለልመና የተዘጋጀው «በሞቴ» ሁሉ በየአፉ ቀረ። ሊቀመንበሩ የተዋረደውን ያህል ሊመልስ የሚችልበት ቀዳዳ አገኘ።

«ባለፈው እሑድ ለሚገባው ይሰጥ ያልሽው አንቺ ነሽ። በአንድ ሳምንት ምን ተገኘ? በምን ይገባሻል?»

ልመልስላት ልነሣ ስል የኔታ በመቋሚያቸው ጉልበቴን ያዙኝ። እሷ ግን ቀና ብላ ነበር።

«አንደኛ ስለወጣሁ እንዳልል፣ ባልወጣም ይገባኝ ነበር» አለች። «ሞቼ ነበር፤ ተረፍሁ። አለሁ። ስላለሁ ይገባኛል።»

የኔታ ጮክ ብለው «አሜን!» አሉ። በዚያ አዳራሽ አሜን ተብሎ አያውቅም፤ ማን ቀድሞ እንደተቀበላቸው አላውቅም፣ ግን ከየአቅጣጫው ሌላ አሜን ተከተለ። ሊቀመንበሩ ይህንን በቃለ ጉባኤ ምን ብሎ እንዳስጻፈው አላውቅም። እኔ ለራሴ እንደ ሕፃን እያለቀስሁ ነበር፤ ጎረቤቴ «ጉንፋን ነው» እያለች ለሰው ታስረዳልኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ትምህርት ቤቱ ገባች። ያው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ በብስክሌት ይደረሳል። እኔ ግን ሞስኮ የላክኋት ይመስል ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። ማታ ማታ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ትበላ ይሆን? ወይስ እዚያም ውሃ ጠጥታ «ጠግቤአለሁ» ትል ይሆን? አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ደፍሮ መናገር ሌላ፣ በየቀኑ ሳህን ይዞ መሰለፍ ሌላ ነው። ሄጄ በመስኮት ልይ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ።

በመጀመሪያው የፈቃድ እሑድ መጣች። በሩን ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። ሰላም አላለችኝም። ቦርሳዋን አልጋዬ ላይ ወረወረችና ቁጭ አለች፤ ፊቷ ተቆጥቷል።

«ምን ሆንሽ?» አልሁ። «አባረሩሽ?»

«ወጣቸው ውሃ ነው!» አለች። «ሽሮ ይሉታል እንጂ ሽሮ አይደለም። ቀን ሙሉ ብረት ስንሞርድ የምንውል ሰዎች ነን፤ በዚህ ይሠራል? ለኃላፊው ነግሬዋለሁ። ካላሻሻሉ ነገም እነግረዋለሁ።»

ወደ ምድጃው ዞርሁና ጀርባዬን ሰጥቻት ቆምሁ፤ እየሣቅሁ ይሁን እያለቀስሁ እኔም አላወቅሁም። ከኋላዬ ገና እያማረረች ነበር፤ አሁን ደግሞ ስለ ዳቦው ማነስ።